የሚያበቃበት ቀን

ከጌንት ወጣ ብሎ፣ ከቦዩ ማዶ ላይ፣
እንፋሎት የሚተፋ ጣራ አለ፣ ከሩቅ የሚታይ።
እንጀራዬ እዚያ ነው፤ የምሠራው ሾርባ፣
በደቂቃ መቶ ቆርቆሮ የሚገባ።
ክዳን ነው የማየው፤ ጠማማ ካለ ላወጣ፣
ቀጥ ያለውን ልሸኝ፣ ወደ ሰው ጓዳ፣ ወደ ሰው ጣጣ።
ስምንት ሰዓት ሙሉ ይኸው ነው ሥራዬ፤
ካሮት ሳላይ አድሬ፣ ካሮት ካሮት ይላል የጃኬት እጅጌዬ።

ቤቴም ያው ነበር፤ ትርሲት ሆስፒታል ቀን ተረኛ፣
በፍሪጅ ላይ ወረቀት ነበር የምንገናኘው እኛ፦
"ሁለት ደቂቃ አሙቀው።" "ለልጅቷ ሌላው አለ።"
ማይክሮዌቩ ጢን ሲል አንዱ በላ፣ ሌላው በሩን ዘግቶ ኮበለለ።

አንድ ሌሊት ማሽኑ ቆመ።
ዮሪስ፣ የፈረቃ ጓዴ፣ መነጽሩን ረስቶ፣
"እስቲ አንብብልኝ" አለኝ፣ አንዱን ቆርቆሮ አንስቶ።
ሥዕሉ አምስት አትክልት፣ ጽሑፉ ግን ሌላ፤
ውሃ፣ የተሻሻለ ስታርች፣ ከዚያ በኋላ
ቁጥር የለበሰ ስም፣ ስም የለበሰ ቁጥር፤
ምላሴ እየተጠለፈ ወደቀ በየመስመር።
ዮሪስ ሳቀብኝና ተቀበለኝ፤ እዚሁ ተወልዶ የኖረ፣
በገዛ ቋንቋው ሲያነብ አራተኛው ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው ያልኩት፦
ስሙ በአፌ ያልገባ
እንዴት ብሎ፣ በየት በኩል፣ በጉሮሮዬ ይግባ?

አርብ ጠዋት ከሥራ ወጥቼ፣ ዓይኔ እንደቀላ፣
ብስክሌቴን አዞርኩ፣ ሰፈሬን ትቼ ወደ ሌላ፣
ወደ አርብ ገበያ።
ሊቬ የምትባል ሴት፣ ጣቶቿ ስንጥቅጥቅ ያሉ፣
ድንች ትመዝናለች፣ ከነአፈሩ ከነሁሉ።
"አፈሩንም ልክፈል?" አልኳት ለጨዋታ፤
በቋንቋዋ ያለችው፣ በእኔ አፍ ሲፈታ፣
"እሱ ምርቃት ነው።"
ምርቃቴን ተቀብዬ፣ ሁለት እግር ያለው ካሮት ጨምሬ፣
ባሮ ሽንኩርት በብብቴ፣ እንደ ጋዜጣ፣ ገባሁ ሰፈሬ።

ቢላዬን ሳወጣው ደንዞ አገኘሁት፤
ስንት ዓመት መክፈቻ እንጂ እሱን መች ነካሁት?
በሳህን ቂጥ ሳልኩት።
ባሮውን ሰነጠቅኩ፤ ከየቅጠሉ መሃል
የቤልጂየም አሸዋ ቧንቧው ስር ይወርዳል።
ዘይት ጠብ አድርጌ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ድፍን ምስር፤
ከዚያ መጠበቅ ነበር፣ ማሽን የማያውቀው ምስጢር።
ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለኝ።
ስልክም አይደል፣ ደወልም አይደል፣ ሽታ ነው የቀሰቀሰኝ።

ሄራን ከትምህርት ቤት መጣች፣ ቦርሳዋን ወረወረች፣
ድስቱን ዞራ ዞራ አየች፣ ክዳኑን ገልብጣ መረመረች፤
"አባ፣ ሥዕሉ የታል?" አለች።
ሰባት ዓመቷ ነው፤ ምግብ ሁሉ ሥዕል እንዳለው ታውቃለች።

"ሥዕል የለውም።"
"ምን ምን አለበት ታዲያ?"
"ካሮት። ድንች። ባሮ። ምስር።"
"ሌላስ?"
"ጨው፣ ዘይት፣ ውሃ።"
"ሌላስ?" ጣቷን እያጠፈች አጥብቃ ጠየቀችኝ፤
ሌላ የለም ብላት፣ የደበቅኩ መስሏት ትኩር ብላ አየችኝ።
ከዚያ፣ እኔው እንዳስተማርኳት፣ ሱቅ ውስጥ ቆርቆሮ ስንገለብጥ፣
"መቼ ነው የሚያበቃው?" አለች፣ ፊቷ ሳይለወጥ።

ድስቱን አየሁት። እሷን አየኋት።
ማንኪያ ሰጠኋት።
"ዛሬ ማታ" አልኳት።

በማግስቱ ስመለስ ፍሪጁ ላይ ወረቀት አለ፤
"ጨው አንሶታል" ይላል፣ የትርሲት እጅ ነው የጣለ።
ድስቱ ግን ታጥቦ ተደፍቷል።

አልዋሽም። ማክሰኞ ማታ፣ ድካም ሲጥለኝ፣
ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ቆርቆሮ አለኝ፤
ሥዕሉ ያምራል፣ አይቸኩልም፣
ሦስት ዓመት ይጠብቀኛል ቢባል አይታክተውም።
ሊቬ ግን ሰባት ሰዓት ሲሆን ድንኳኗን ታጥፋለች።

የብስክሌቴን ሰንሰለት ዘይት ቀባሁት።